አምስት ሐሙስ የያዝኩት መርዶ

የሞተች ሴት በየማለዳው ሥራ ቦታዬ ድረስ እየመጣች አምስት ሳምንት ሙሉ ቆማ ጠብቃኛለች። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ዘውድነሽ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ከሁሉ በፊት ግን ጎልፍ ተጫዋች እንዳልመስላችሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ አሜሪካ፣ ሊቶኒያ አጠገብ ባለው የካውንቲው ጎልፍ ሜዳ ሣር ሳጭድ አንድ ቀን ኳስ መትቼ አላውቅም፤ አያምረኝምም። ጤነኛ ሰው ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ መትቶ፣ ተመልሶ እሷኑ ፍለጋ የሚንከራተትበት ጨዋታ ምኑ ነው ብዬ ገሠሠን ስጠይቀው፣ «ምን አገባሽ? ይሄን ቤት የገዛልን እሱ አይደለም ወይ?» ይለኛል። ገሠሠ ባለቤቴ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ለሆቴል የእንግዳ ማመላለሻ፣ ሸትል፣ ይነዳል። እውነቱን ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በጎልፍ ሣር ነው።

ሥራዬ ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። ተጫዋች ሳይመጣ ግሪኖቹን አጭዳለሁ፤ ግሪን የሚሉት ባንዲራው የተተከለበትን፣ ቀዳዳው ያለበትን፣ እንደ ምንጣፍ የተላጨውን ሣር ነው። በዚያ ሰዓት ሜዳው ሁሉ ጤዛ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይተኛል። ጤዛ ደግሞ ምስጢር አይችልም። አጋዘን ቢያልፍ፣ ቀበሮ ቢያልፍ፣ አንዲት ወፍ እንኳ ወርዳ ብትራመድ ቁጭ አድርጎ ያሳያል። እኔም በዚህ ሁሉ ዓመት ማንበቡን ተምሬዋለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የሲኒየሮች ቀን ነው። ሽማግሌና አሮጊቱ በርካሽ ይጫወታል፤ ከሚጫወተው የሚያወራው ይበልጣል። ከነሱ መሀል ሚስ ኧርሊን ነበሩ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ እዚሁ ሊቶኒያ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ስሜን መጥራት አቅቷቸው «ዙዲ» ይሉኛል። አሥራ ሦስቱን ሆል፣ ማለት ቀዳዳ፣ በደህና ይጫወቱና አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ኳሷን ሁልጊዜ በስተቀኝ ወዳለው ጫካ ይልኳታል። ከዚያ ፍለጋ ይገቡና ግማሽ ሰዓት አይወጡም። የኋላ ተጫዋች ቆሞ ይነጫነጫል፤ እኔም ሥራዬ ይስተጓጎልብኛል።

አንድ ሐሙስ ንዴቴ መጣ። «ሚስ ኧርሊን፣ ምናለ ትንሽ ወደ ግራ ዞር ብለው ቢመቱ? ኳስ ነው ወይስ የጠፋ ዶሮ ነው የሚፈልጉት?» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁና መጥተው ካርቴ ላይ፣ በምነዳት ትንሽ የሜዳ መኪና፣ አጠገቤ ተቀመጡ። «እናቴን ነው የምፈልገው» አሉኝ።

እናታቸው ሉቬንያ የሞቱት እሳቸው ስድስት ዓመታቸው እያለ ነው። የተቀበሩት በአንዲት ትንሽ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ተቃጠለች፣ ሰዉ ተበተነ፣ መሬቱ ተሸጠ፤ ከዚያም ሣር ለብሶ ጎልፍ ሜዳ ሆነ። የት ጋ እንደነበረ የጻፈ የለም። ሚስ ኧርሊን የሚያስታውሱት በቀብሩ ቀን የጅረት ድምፅ በግራ ጆሯቸው ይሰሙ እንደነበረና አንድ ትልቅ የግራናይት ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋቸው እንደነበረ ብቻ ነው፤ ጅረቱ የሚሰማው ደግሞ አሥራ አራተኛው ጋ ነው።

«ጫካ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ብለው ያባርሩኛል» አሉኝ። «ኳስ ጠፋብኝ ካልኩ ግን ማንም አይናገረኝም። ለዚህ ብዬ ነው በሰባ አምስት ዓመቴ ጎልፍ የተማርኩት።» እንዲያ ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። ከዚያ ወዲያ ስለ ኳሳቸው ቃል አልተነፈስኩም።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ከፍሎሪዳ በኩል ኃይለኛ አውሎ ነፋስ መጣ። ሁለት ቀን አናወጠን። ሰኞ ጠዋት የወደቀ ዛፍ ልይ ብዬ አሥራ አራተኛው ላይ ስደርስ፣ ጫካው ውስጥ አንድ ግዙፍ የፓይን ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ተጋድሟል። ሥሩ አፈሩን ገልብጦ ከፍ አድርጎ ይዞታል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ጠፍጣፋ ግራናይት ተጋልጧል። በእጄ ጠረግኩት። በምስማር የተጫረ ጽሑፍ ነበረበት፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሉቬንያ ይላል። ከሥሩ 1945።

አጠገቡ የድሮ ጥቁሮች መቃብር ላይ የሚያኖሩት ዓይነት የተሰበረ ነጭ ሳህንና አንድ የባሕር ዛጎል ነበር። ቀና ስል ዙሪያውን መሬቱ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል፤ እያንዳንዱ የሰው ቁመት ያህላል። ያ ሁሉ ዓመት ከዚያ ጥግ ቅጠል ስጠርግ የሰው ደረት ላይ ቆሜ ኖሬአለሁ ማለት ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ «ነፍስ ይማር» አልኩና በካርቴ ወደ ግሩም በረርኩ።

ግሩም አለቃችን ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሣር የተማረ። ሣር ይማራል ወይ አትበሉኝ፣ እዚህ አገር ይማራል። ያን ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ካውንቲው፣ የአካባቢው መስተዳድር ማለት ነው፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሂሪንግ የሚሉትን የሕዝብ ስብሰባ ጠርቶ ድምፅ ሊሰጥ ነው፤ ወይ ሜዳው ይቀጥላል፣ ወይ ዌርሀውስ፣ ትልልቅ መጋዘን፣ ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጣል። ግሩም የጎልፍን ጥቅም በሦስት ከፍሎ ፕረዘንቴሽን ሠርቶ፣ ለኮሚሽነሮቹ ሊያቀርብ ቢሮው ውስጥ ብቻውን እየተለማመደ አገኘሁት።

የነገርኩትን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ሊስን። ለማን ነገርሽ?»

«ለአንተ።»

«ኦኬ። እንደዚያው ይሁን። ሂሪንጉ እስኪያልፍ ብቻ።»

«የሰው እናት እኮ ናት!»

«አውቃለሁ! ግን ላይክ፣ አሁን ብናወጣው 'ጣጣ ያለበት መሬት ነው' ብለው በዚያው ይገላገሉታል። አርባ ሰው እንጀራውን ያጣል። ከትምህርት በኋላ የሚመጡት ልጆች መንገድ ላይ ይቀራሉ። ዝናብ ሲጥል የላይ ሰፈሩን ጎርፍ ማን ነው የሚጠጣልሽ? ይሄ ሣር አይደለም? ነገ ኮንክሪት ቢሆን የማን ቤዝመንት ነው የሚሞላው? የአንቺው አይደለም? ወፎቹን፣ ንቦቹን ተያቸው።» ትንፋሽ ወሰደና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙታኖቹም እኮ የተረፉት ሣር ስለሆነ ነው። ዌርሀውስ ቢሆን ይሄኔ ተቆፍረው ተጥለዋል። ፕሊስ፣ አምስት ሳምንት ብቻ።»

ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያለውም ሁሉ እውነት ነው። ያስቸገረኝም እሱ ነው።

ልዋሽ? እንጀራዬንም ፈርቻለሁ። ግን በማርያም፣ እሱ ብቻ አይደለም። እኔ ባደግኩበት መርዶ በየሜዳው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሊነጋ ሲል ተሂዶ በር ይንኳኳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ግራና ቀኝ ይቆማል። የኔ እናት ጎንደር ሲሞቱ እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነበርኩ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ። ያገሬ ሰዎች ወልጄ እስክነሣ ሰባት ወር ደበቁኝ። አብረውኝ እየበሉ፣ እየሳቁ፣ ሁሉም በሆዱ ይዞት። ያኔ በደረቁ ነግረውኝ ቢሆን ልጄም አትተርፍ፣ እኔም አልተርፍ። ታዲያ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ኳስ ሲመቱ ጠርቼ «እናትዎ እዚህ ናቸው» ልበላቸው? ወድቀው ቢቀሩብኝስ? ሂሪንጉ ይለፍ፣ ልጃቸውን ላግኝ፣ ሰው ሰብስቤ በወጉ አረዳቸዋለሁ አልኩ። ይሄን ወስኜ ድንጋዩን በቅጠል ሸፈንኩት፤ ጫካውንም ዙሪያውን በቢጫ ቴፕ አጠርኩት።

ሐሙስ ሚስ ኧርሊን መጡ። እንደ ልማዳቸው ኳሷን ወደ ጫካው ሰደዷትና ቴፑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ዙዲ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ዛፍ ወድቋል፣ ሌላም ሊወድቅ ይችላል። አደገኛ ነው።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ ልግባ፣ ልጄ።»

«አይቻልም፣ ሚስ ኧርሊን። ሥራዬን ያሳጡኛል።»

እሺ ብለው ቆመው በቴፑ ላይ አሻግረው አዩ። ከቆሙበት እስከ ድንጋዩ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚያ ዱላቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

በማግስቱ አርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጤዛው ላይ የሰው እግር አየሁ። ባዶ እግር ነው፤ ትንሽ፣ የሴት፣ አምስቱም ጣት የተለየ። ከቢጫው ቴፕ ሥር ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ግሪኑ ጫፍ ላይ ቆሟል። የመጣበት አለ፣ የተመለሰበት የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ጤዛ ሁሉ እንደተኛ ነው። ማጨጃዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አጨድኩት። ሣሩን ከነዱካው አጭጄ፣ አማትቤ፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

ቅዳሜ ግሪኑን አልፎ መጣ። ሰኞ መንገዱ ጋ ደረሰ። እኔ ሳጭደው እሱ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው ሐሙስ ሚስ ኧርሊን መጥተው ቴፑ ጋ ቆመው ተመለሱ፤ አርብ ዱካው የሥራ ዕቃ ማስቀመጫችን በር ላይ ነበር። በሩ ፊት ኮንክሪት ነው፣ ጤዛ አይዝም። በደረቁ ኮንክሪት ላይ ሁለት እርጥብ እግሮች፣ ጎን ለጎን፣ ጣታቸውን ወደ በሩ አድርገው ቆመዋል። ሰው በር አንኳኩቶ ሲጠብቅ የሚቆመው አቋቋም ነው።

ግሩምን ጎትቼ አመጣሁት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሬኩን ነው» አለኝ፣ ሌሊት ቆሻሻ የሚበረብረውን አውሬ።

«ሬኩን ሠላሳ ስድስት ቁጥር ጫማ ያደርጋል?»

«እትዬ ዘውዴ፣ ፕሊስ፣ ይሄን ነገር አታውሪው» ብሎኝ የውሃውን ጎማ ከፍቶ አጠበው።

ጸበል አምጥቼ ከበሩ እስከ ጫካው ረጨሁ። አልሄደችም። ምን ትሁን? ሰይጣን አይደለችም፣ የሰው እናት ናት። በሦስተኛው ሳምንት መፍራቱን ተውኩትና ማፈር ጀመርኩ። በሩን ስከፍት «እንደምን አደርሽ እናቴ፣ ልነግራት ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» እላታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን አፌ ይያዛል። ሚስ ኧርሊን ይመጣሉ፣ ይመታሉ፣ ቴፑ ጋ ይቆማሉ። በአራተኛው ሐሙስ «ዙዲ፣ አንቺ ከስተሻል፣ ትበያለሽ?» ብለው ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። በአምስተኛው ከድሮ ቀጥነው፣ ሲራመዱ በዱላው ተደግፈው አየኋቸው። ያኔ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሂሪንጉ አምስት ቀን ነበር የቀረው።

ማክሰኞ የካውንቲውን አዳራሽ ሞላን። ግሩም ሱፍ ለብሶ ጥቅሙን ሁሉ ዘረዘረ፤ ኢኮኖሚውን፣ ማኅበራዊውን፣ አካባቢውን። ኮሚሽነሮቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ቀጥሎ ሚስ ኧርሊን ተጠሩ። ግሩም ነው የጋበዛቸው፤ እኔ አላውቅም ነበር። በጨርቅ ባርኔጣቸው ማይኩ ጋ ቆሙ።

«በዚህ ካውንቲ እንደኔ ጎልፍ የማይችል የለም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። «ልጅ ሆኜ እኔን የመሰለ ሰው በዚያ ሣር ላይ ማለፍ አይፈቀድለትም ነበር። ዛሬ እንደ ልቤ እሄድበታለሁ። ሀብታም ሳልሆን፣ ማንንም ሳላስፈቅድ። በዚያ መሬት ውስጥ የኔ የሆነ ነገር አለ። እስካገኘው ድረስ ኮንክሪት እንዳታፈሱበት እለምናችኋለሁ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ስልኩን ሁሉም አስቀመጠ። አምስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ሜዳው ተረፈ። ግሩም አቅፎኝ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የኔን እንጀራ፣ የአርባ ሰው እንጀራ ያዳኑልን እሳቸው ናቸው። እኔ የሚፈልጉትን በሆዴ ይዤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

በር ላይ ሚስ ኧርሊን እጄን ያዙኝ። «እንግዲህ ቴፑ መቼ ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

አሁን ልናገር አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ሰው ይጋፋናል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አንዲት ወንበር እንኳ በአጠገባችን የለም። ልጃቸው ዴኒዝም መኪና ልታመጣ ሄዳለች። እንዲህ ቆመው ይነገራቸዋል እንዴ አልኩ በልቤ። «ቅዳሜ ማለዳ ቤትዎ እመጣለሁ፤ የምነግርዎ አለኝ» አልኳቸው።

«አሁን ንገሪኛ!»

«ቅዳሜ።»

በማግስቱ ለዴኒዝ ደወልኩ። ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናትሽ ቤት ሁኚ፣ ወንድምሽንም ጥሪ አልኳት። ምንድነው ብትለኝ በስልክ አይነገርም አልኩ። ግራ ገብቷት እሺ አለች። ሐሙስ ሚስ ኧርሊን ሜዳ አልመጡም፤ ትንሽ ጉንፋን ነው ተባለ። አርብ ማለዳ በራችን ላይ ያለው ኮንክሪት ደረቅ ነበር። ጤዛው ላይም ከቴፑ ጀምሮ ምንም የለ። እፎይ፣ ሰማችኝ፣ ቃሌን አመነችኝ አልኩ። ያን ቀን እየዘፈንኩ አጨድኩ።

ቅዳሜ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጥቁር ነጠላ አጣፋሁ። ገሠሠም ጥቁር ኮት ለበሰ፤ እንደ ደንቡ እሱ ከወደቁ ሊይዛቸው። ሊነጋጋ ሲል ሚስ ኧርሊን ቤት ደረስን። የቤቱ መብራት ሁሉ በርቷል፣ አራት መኪና ቆሟል። ጎበዝ፣ ዴኒዝ ዘመድ ሰብስባለች ብዬ ደስ አለኝ።

በሩን የከፈተችው ዴኒዝ ናት። ዓይኗ አብጧል። ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየችኝ።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እናቴ ካረፈች ሁለት ሰዓት ሆናት። ልደውልልሽ ነበር፣ አልቻልኩም። ማን ነግሮሽ ነው ጥቁር ለብሰሽ የመጣሽው?»

ገሠሠ ክንዴን ያዘው። ለሳቸው ተብሎ የመጣው ድጋፍ ለኔ ሆነ።

ዴኒዝ አስገብታ አስቀመጠችን። «ትናንት ሲጨንቃት ዋለ፤ ልብ ነው አሉን» አለች። ትናንት ማለት ኮንክሪቱን ደረቅ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ነው። «ግን ሆስፒታል አልሄድም አለች። 'ዙዲ ቅዳሜ ትመጣለች' ትላለች። ምን ልትነግረኝ ይሆን ስትል አመሸች። ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ልትጋብዘኝ ነው ብላ ሰማያዊ ቀሚሷን ተነሥታ ራሷ ተኮሰችው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ምን ነበር ልትነግሪያት የነበረው?»

ነገርኳት። ዛፉን፣ ድንጋዩን፣ ስሙን፣ ሳህኑን። ዴኒዝ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ ውስጥ አንድ ብርሃን ሲመጣ አየሁ። ከዚያ ጠፋ።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ባለው ሰኞ።»

በጣቷ ቆጠረች። «ከዚያ ወዲህ አምስት ሐሙስ መጥታለች» አለች ቀስ ብላ። «ማታ ስደውልላት 'ዛሬም አላገኘኋትም፣ ዙዲ ቴፕ አድርጋበታለች' ትለኛለች። አምስቱንም ሐሙስ አንቺ እዚያ ነበርሽ።»

«በኛ አገር» አልኳት፣ «በኛ አገር መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ መሰብሰብ አለበት። እንዳይወድቁብኝ ብዬ ነው።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «እናቷ መሞቷን ማን ደበቃት?» አለችኝ። «አፈር ሲመለስባት ቆማ አይታለች። መሞቷን ሰማንያ ዓመት ታውቃለች። አንቺ የደበቅሻት መገኘቷን ነው።»

ወይ ጉዴ! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የሚጠብቁትን ደስታ መርዶ ነው ብዬ፣ ጥቁር አልብሼ፣ ሰው እስኪሰበሰብ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ ያለው ወሬ እኮ የሚነገረው እየሮጡ ነው፣ ጫማ ሳይጠለቅ፣ ከሩቅ እየጮኹ! ገሠሠ አንገቱን ደፋ። እኔ እንባም አጣሁ።

ዴኒዝ ተነሥታ የውስጠኛውን ክፍል በር ከፈተችልኝ። «ሊወስዷት ገና አልመጡም» አለች። «ግቢና ንገሪያት።»

ገባሁ። ነጭ አንሶላ እስከ ደረታቸው ለብሰው ተኝተዋል፤ የተተኮሰው ቀሚስ ቁም ሳጥኑ ላይ ተሰቅሏል። ነጠላዬን አውልቄ መሬት ጣልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ያችን ቀጭን እጅ ያዝኩ። ቀዝቅዛለች።

«የምሥራች፣ ሚስ ኧርሊን» አልኳቸው። «እናትዎ ተገኙ።»

ቆይቼ ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ። ምሥር ብዪ የሚለኝ አልነበረም።